ቱም፦ ከቤይሩት ኩሽና ወደ አይከል የመጣ ሙያ



ከውጭ አገር የሚመለስ ሰው ሻንጣው ጉምሩክ ላይ ይፈተሻል። ልብሱም፣ ስልኩም፣ ሽቶውም ይታያል። በእጅ ያለ ሙያ ግን አይፈተሽም፤ ስለዚህ ማንም አይመዘግበውም። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ሳይመዘገብ አገራችን ስለገባ አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ሊባኖሶች ቱም ስለሚሉት ነጭ የነጭ ሽንኩርት ማባያ። ነገሩ ትንሽ ነው፤ የመጣበት መንገድ ግን ረጅም ነው። በዚያ መንገድ ላይ ከመካከላችን ብዙዎቻችን፣ ወይም እህቶቻችንና ልጆቻችን ተመላልሰናል።

ቱም ምንድን ነው?

ቱም በሊባኖስና በአጎራባቾቿ አገሮች የተለመደ ማባያ ነው። የሚገቡበት አራት ነገሮች ብቻ ናቸው፦ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው፣ ሎሚና ዘይት። እንቁላል የለበትም፤ ወተትም ቅቤም የለበትም። ሆኖም በደንብ ሲመታ እንደ ክሬም ይነጣል፣ ይወፍራል፣ ማንኪያ ላይ ይቆማል። ሊባኖሶች ከተጠበሰ ዶሮ ጋር፣ ከድንች ጥብስ ጋር፣ በቂጣ ከተጠቀለለ ሥጋ ጋር ይበሉታል። የዶሮ ጥብስ ያለ ቱም ከቀረበ ገበታው ጎደሎ ነው ይላሉ።

ስሙ ሌላ ነገር አይደለም፤ ቱም በአረብኛ ነጭ ሽንኩርት ማለት ነው። በዕብራይስጥ ሹም ይባላል፤ በግዕዝም ሶመት። ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ ቋንቋዎች ናቸውና ቃሉ ዘመዳሞች አሉት። ዘይትም በአረብኛ ዘይት ነው። አማርኛ ብቻ ይዛ ቤይሩት የገባች ልጅ በመጀመሪያው ቀን ከምትለያቸው ጥቂት ቃላት አንዱ ይህ ነው።

ኦሪት ዘኁልቁን ያነበበ ሰው በምዕራፍ 11 ላይ ሕዝቡ በበረሃ ሆኖ የግብፅን ዓሣ፣ ዱባና ሽንኩርት እያስታወሰ ሲያለቅስ ያገኛል። ነጭ ሽንኩርትም ከተናፈቁት ነገሮች አንዱ ነው። ከአገር የወጣ ሰው የምግብ ጠረን እንደሚናፍቅ የተጻፈው ያኔ ነው። እኛ ግን ሁለት ጊዜ ናፋቂዎች ነን። እዚያ ሳለን የእናታችንን ቤት ወጥ እንናፍቃለን፤ እዚህ ስንመለስ ደግሞ እዚያ የለመድነውን ጣዕም።

የጭልጋ መንገድ

አይከል በጎንደርና በመተማ መካከል ያለች የመንገድ ከተማ ናት። ጭልጋ ከጎንደር ነገሥታት ዘመን ጀምሮ ከሱዳን ጋር የሚደረገው ንግድ የሚያልፍበት አገር ነበር። ቡና፣ ሰም፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ በዚህ ወረደ፤ ጨርቅና ልዩ ልዩ ዕቃ በዚህ ወጣ። ዛሬም የመተማ ሰሊጥ የሚጫንበት መኪና በደጃችን ያልፋል።

በዚህ መንገድ ያለፈው ሸቀጥ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም. መተማ ሲደርስ፣ በዚያን ጊዜ ገላባት በሚሉት ገበያ፣ ከኢትዮጵያ ምድር የተወሰዱ ልጃገረዶች ለባርነት ሲሸጡ አይቶ ጽፏል። ከዚያ ገበያ ወደ ሱዳን ቤቶች፣ ባሕር ተሻግረውም ወደ አረብ አገሮች ቤቶች ይወሰዱ ነበር። እዚያ ከሚጠብቃቸው ሥራ አንዱ መፍጨት፣ መጋገርና ማብሰል ነበር። በአገራችን ባርነትን በሕግ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው።

ይህን የማነሣው የዛሬው ኮንትራት ባርነት ነው ለማለት አይደለም። የዛሬዋ ሴት ፈቅዳ፣ ለቤተሰቧ አስባ፣ ደመወዝ ተስማምታ ትሄዳለች፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ነገር ግን የሴት ጉልበት ከዚህ አገር ወጥቶ የሌላውን ሰው ኩሽና ሲያሞቅ የመጀመሪያው ጊዜ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ምን ሙያ እንደነበራቸው፣ ምን እንደተማሩ የጻፈ የለም። ዛሬ ግን መጻፍ የምንችል ሴቶች አለን።

በሊባኖስ ማን ያበስል ነበር?

ሊባኖስ በጎርጎሮሳውያኑ 1943 ከፈረንሳይ አስተዳደር ወጥታ ነጻ ሆነች። በዚያን ጊዜ ባለጸጋ የቤይሩት ቤተሰቦች የቤት ሠራተኛ የሚያገኙት ከሊባኖስ ገጠር፣ ከሶርያ፣ ከግብፅ፣ ከኩርዶችና ከፍልስጤማውያን ድሃ ቤተሰቦች ነበር። ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም. የቆየው የእርስ በርስ ጦርነት ይህን ለወጠው። ጎረቤት ጎረቤቱን መጠርጠር ጀመረ፤ ከሌላ ወገን የመጣች ልጅ ቤት ማስገባት አስፈራ። ከሩቅ አገር፣ ከየትኛውም ወገን ያልሆነች ሠራተኛ ተፈለገች።

በመጀመሪያ በብዛት የመጡት ከስሪላንካ ነበሩ። ብዛታቸው የተነሣ ስሪላንኪያ የሚለው ቃል በሊባኖስ የቤት ሠራተኛ ማለት እስከመሆን ደረሰ። ከፊሊፒንስ የመጣችውም፣ ከኢትዮጵያ የመጣችውም ስሪላንኪያ ተብላ የምትጠራበት ጊዜ ነበር። የሰው የአገሩ ስም የሥራ ስም ሲሆን ማለት ይህ ነው።

የእኛ ሰዎች በብዛት መሄድ የጀመሩት ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ፣ ከአገር መውጣት ሲቀልል ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 ከአገር የመውጣት ነጻነትን ደነገገ። በ1990 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 104 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎችን ፈቀደ። ከዚያ በኋላ «ኮንትራት ሄደች» የሚለው አነጋገር በየቀበሌው ተለመደ። በሊባኖስ ያሉት የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች ወደ 250 ሺህ ይጠጋሉ ተብሎ ይገመት በነበረበት ዘመን ከሁሉም የሚበዙት ኢትዮጵያውያን ሆኑ።

የሄዱባት አገር ሕግ ግን አልጠበቃቸውም። በጎርጎሮሳውያኑ 1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ጥበቃ ውጭ ያደርጋል። ዝቅተኛ ደመወዝ፣ የሥራ ሰዓት ገደብ፣ የሕመም ፈቃድ የሚባለው ሁሉ እነሱን አይመለከትም። በዚያ ላይ ከፋላ የሚባለው አሠራር አለ። ሠራተኛዋ በአገሩ ለመቆየት የምትችለው ባስመጣት አሠሪ ስም ነው፤ ቤቱን ጥላ ከወጣች በዚያው ቀን ሕገወጥ ትሆናለች። ፓስፖርት በአሠሪ እጅ መቆየቱ የተለመደ ነበር። እኔም በሠራሁበት ቤት ፓስፖርቴ በቁም ሣጥን ተቆልፎበት ነው ሁለት ዓመት የቆየሁት። የኢትዮጵያውያን ደመወዝ ለረጅም ጊዜ በወር ከ150 እስከ 200 ዶላር ነበር። ሠራተኛ የሚመረጠውና የሚከፈለው በሙያው ሳይሆን በመጣበት አገር ነበርና፣ ከፊሊፒንስ የመጣችው ለዚያው ሥራ ከፍ ያለ ታገኝ ነበር።

ከሙቀጫው ጀርባ

አሁን ወደ ኩሽናው እንግባ። ቱም በገበታ ላይ ሲታይ ነጭና የዋህ ነው፤ ሥራው ግን ከባድ ነው። አንድ ኩባያ የተላጠ ነጭ ሽንኩርት ለማግኘት ሦስት አራት ራስ መላጥ አለበት፤ ለድግስ ከሆነ በኪሎ ይላጣል። ጣት ይቃጠላል፤ ሽታው ለቀናት አይለቅም። ከዚያ በፊት ዘመን በሙቀጫ ከጨው ጋር እስኪልም ይወቀጣል። የኤሌክትሪክ መፍጫ ከመጣ ወዲህ ጉልበቱ ቀልሏል፤ ትዕግሥቱ ግን አልቀረም።

ምክንያቱን ላስረዳ። ዘይትና ውሃ አይዋደዱም፤ አንድ ላይ ብታደርጊያቸው ይለያያሉ። ነጭ ሽንኩርት ሲደቅ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ከሎሚው ጋር ሆኖ ውሃውን ይሰጣል፤ ከሽንኩርቱ የሚወጣው ሌላው ንጥረ ነገር ደግሞ እያንዳንዱን የዘይት ጠብታ ይሸፍንና ከሌላው ጠብታ ጋር እንዳይገናኝ ያደርገዋል። እልፍ አእላፍ ጥቃቅን ጠብታዎች እንዲህ ተሸፍነው ሲጠጋጉ ፈሳሹ ይወፍራል፤ ብርሃኑን ስለሚበታትኑትም ነጭ ሆኖ ይታያል። ዘይቱ በአንድ ጊዜ ከፈሰሰ ግን ጠብታዎቹ ሳይሸፈኑ ይገናኛሉ፤ ቱሙ ይለያያል። ስለዚህ ዘይቱ በመጀመሪያ በጠብታ፣ ቀጥሎ እንደ ክር ቀጥኖ ነው የሚወርደው። ማዮኔዝ ይህን የሚያደርገው በእንቁላል ነው፤ ቱም ግን በነጭ ሽንኩርቱ ብቻ።

ሽታውም የራሱ ምሥጢር አለው። ያልተነካ ነጭ ሽንኩርት ብዙ አይሸትም። ሲደቅ በውስጡ ተለያይተው የነበሩ ሁለት ነገሮች ይገናኙና አሊሲን የሚባለውን ያንን የሚያቃጥል ሽታ ይፈጥራሉ። ሎሚው ይህን ሥራ ያቀዘቅዘዋል። ለዚህ ነው ሎሚ ቀደም ብሎ የገባበት ቱም ለዘብ የሚለው፣ ዘግይቶ የገባበት ደግሞ አፍ የሚያቃጥለው።

ይህን በመጽሐፍ የተማረች የለችም። ብዙዎቻችን የተማርነው አጠገብ ቆመን በማየት ነው። ቋንቋውን በማታውቅበት ወር፣ ማዳሟ በእጇ ምልክት እየሰጠቻት፣ «ቀስ» የሚለውን ቃል በአረብኛ እየሰማች የተማረች ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ የቤቱን ቱም ብቻዋን ትሠራለች። እንግዶች ሲመጡ የሚመሰገነው የማዳሟ ገበታ ነው። በአገራችን ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ የእነዚያ ሴቶች ሙያ ግን በልባቸው የቀረው ወደው አልነበረም።

የእኛ ሴቶች ወደዚህ ሥራ ባዶ እጃቸውን አልገቡም። ሰናፍጭ ፈጭታ፣ ከዘይትና ከነጭ ሽንኩርት ጋር አዋሕዳ፣ ለጾም የምታቀርብ እናት ያሳደገቻት ልጅ ዘይት በትንሽ በትንሹ መግባት እንዳለበት ለመረዳት ሩቅ አይደለችም። ሽንኩርት እስኪሟሟ ድረስ በእሳት ዳር የቆመች ሴት ትዕግሥት ምን እንደሆነ ታውቃለች። ቱም የሊባኖስ ነው፤ ቱሙን ለመማር ያበቃት እጅ ግን የጎንደር ኩሽና ያሠለጠነው ነው።

የተዘጋና የተከፈተ በር

የስደቱ ታሪክ ከዚህ በኋላ በእገዳና በአዋጅ የተሞላ ነው። ከሊባኖስ በሚሰማው በደልና ሞት ምክንያት መንግሥት በ2000 ዓ.ም. ወደዚያ አገር ለሥራ መሄድን አገደ። ጉዞው ግን በሌላ መንገድ ቀጠለ። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ከቤይሩት የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 409 ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ወደቀ፤ በውስጡ የነበሩት 90 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ከሟቾቹ መካከል ለቤት ሥራ ሄደው የነበሩ እህቶቻችን ነበሩበት።

በ2003 ዓ.ም. ሰኔ ወር ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 189ን አጸደቀ። ዋናው ቁም ነገሩ ቀላል ነው፤ የቤት ሥራ ሥራ ነው፣ የምትሠራውም ሠራተኛ ናት ይላል። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. አገራችን ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን የሥራ ጉዞ ሁሉ አገደች፤ እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ቆየ። በእነዚያ ዓመታት የቦሌ በር ሲዘጋ አንዳንዶች በእኛው መንገድ፣ በመተማ አድርገው ወደ ሱዳን ተሻገሩና ከካርቱም በረሩ። እገዳ ድህነትን አያግድም፤ መንገዱን ብቻ ያረዝማል፣ ደላላውንም ያበዛል።

በመሐል፣ በ2008 ዓ.ም.፣ አዋጅ ቁጥር 923 ወጣ። በወጣበት ጊዜ ለቤት ሥራ የምትሄድ ሴት ቢያንስ 8ኛ ክፍል እንድትጨርስና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንድትይዝ ይጠይቅ ነበር። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ከዚያ ሊባኖስ ራሷ ወደቀች። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ ባንኮች ገንዘብ ከለከሉ። ለ20 ዓመት ያህል አንድ ዶላር በ1,500 ሊራ ገደማ ይመነዘር የነበረው ገንዘብ በጥቂት ዓመት ከ90 በመቶ በላይ ዋጋውን አጣ። በዶላር መክፈል ያቃታቸው አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በመኪና ጭነው ከኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለው ሄዱ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሻንጣቸውን ይዘው መንገድ ላይ የተኙትን ልጆች ዓለም በቴሌቪዥን አየ። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. የቤይሩት ወደብ ፈነዳ፤ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። በጳጉሜ 2012 ዓ.ም. የሊባኖስ የሥራ ሚኒስቴር ለቤት ሠራተኞች የተሻለ የሥራ ውል አወጣ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ግን የአስመጪ ኤጀንሲዎች ማኅበር ከስሶ በፍርድ ቤት አሳገደው። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የቦምብ ድብደባው ሲበረታ ደግሞ ሸሽተው የሄዱ ቤተሰቦች ሠራተኛቸውን በቤት ውስጥ ትተው የሄዱበት ጊዜ ነበር።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ሴቶቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በጎርጎሮሳውያኑ 2017 የቤት ሠራተኛ የነበሩ ኢትዮጵያውያን «እኛ ለእኛ በስደት» የሚባል ማኅበር በሊባኖስ አቋቋሙ። በቀውሱ ጊዜ ምግብ አደሉ፣ የቤት ኪራይ ከፈሉ፣ የተጣሉትን አስጠጉ፣ የመመለሻ ትኬት ገዙ። እሑድ ዕረፍት ያገኙት ደግሞ በዳውራና በቡርጅ ሐሙድ ሰፈሮች እየተገናኙ እቁብ ጣሉ፣ ለታመመችው አዋጡ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ባሕር ማዶ ይዘውት ሄደዋል። የእኛ ማኅበርና የእነሱ ማኅበር አንድ ዓይነት ዘር ነው።

ስትመለስ ምን ተመዘገበ?

አሁን ወደዚያ ነጥብ ልመለስ። ስትሄድ ሙያ እንዳላት የሚያረጋግጥ ወረቀት ተጠየቀች። ስትመለስስ? ስንት ብር እንደላከች ቤተሰብ ያውቃል፤ የባንኩ ደረሰኝም ይመሰክራል። ተበድላ ከሆነ በደሏ በሪፖርት ይጻፋል። ምን ችላ እንደመጣች ግን የጠየቃት የለም። አምስት ዓመት ለአሥር ሰው ቤተሰብ ያበሰለች፣ የአረብኛ ቋንቋ የያዘች፣ የታመመ አዛውንት ያስታመመች፣ ድግስ ብቻዋን ያወጣች ሴት በመዝገብ ላይ «ከስደት ተመላሽ» ብቻ ተብላ ትጻፋለች። ከዚያም ምንም እንደማታውቅ ተቆጥራ ከመጀመሪያው ፊደል ሥልጠና ትጀምራለች።

የውጭ ደጋፊዎቻችን ይህን በቅን ልብ ያንብቡልኝ። የዶሮ እርባታም፣ የፀጉር ሥራም ሥልጠና መልካም ነው፤ ማኅበራችን በእነዚህ ብዙ ተጠቅሟል። ነገር ግን ከሥልጠናው በፊት አንድ ጥያቄ ይቅደም፦ እህቴ፣ ምን ትችያለሽ? ተመላሿ የተጎዳች ብቻ አይደለችም፤ ሙያተኛም ናት። ሁለቱም አብረው እውነት ናቸው።

በአይከል ቱም እንዴት ይሠራል?

ሙያ በወሬ አይታመንምና አሠራሩን ልጻፍ።

አንድ ኩባያ የተላጠ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሩብ ኩባያ የሎሚ ጭማቂና ሦስት ኩባያ ዘይት ይዘጋጃል። ከወገራና ከዳባት ደጋ የሚመጣው የአገራችን ነጭ ሽንኩርት ፍሬው ትንሽ፣ ኃይሉ ግን ብዙ ነው፤ ለብ ባለ ውሃ ጥቂት ከቆየ መላጡ ይቀላል። ፍሬውን ለሁለት ሰንጥቃችሁ መሐሉ ላይ አረንጓዴ ቡቃያ ካለ አውጡት፤ እሱ ነው የሚመረው። ከጨው ጋር በመፍጫ፣ መብራት ከሌለ በሙቀጫ፣ ምንም እብጠት እስከማይቀር አድቅቁት። ከዚያ መፍጫው ሳይቆም ዘይቱን በጠብታ ጀምሩ። ግማሽ ኩባያ ዘይት ከገባ በኋላ ትንሽ ሎሚ፣ ከዚያ እንደገና ዘይት፣ እንደገና ሎሚ እያላችሁ ጨርሱ። ከአሥር ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ለመጨረስ አትቸኩሉ። ከተለያየ አትድፉት፤ ሌላ ጥቂት ነጭ ሽንኩርት በሎሚ አድቅቁና የተለያየውን እንደ ዘይት በጠብታ ጨምሩበት።

ዘይቱን መምረጥ ዋናው ነገር ነው። የኑግ ዘይታችን ለወጥ ተወዳዳሪ የለውም፤ ለቱም ግን ጠረኑም ቀለሙም ይበረታል። የሰሊጥም እንደዚሁ። የሚረጋው የፓልም ዘይት በደጋ ብርድ ስለሚጠጥር አይሆንም። የሱፍ አበባ ዘይት ይሻላል፤ ጠረኑ ቀላል ነው።

ገበያውን በተመለከተ፣ ቱም እንቁላልም ወተትም የለበትምና የጾም ምግብ ነው። በዓመት ውስጥ የጾሙን ወራት ለሚያከብር አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ለጾመኛውም ለሙስሊሙም ቤት ይሆናል። ከተቀቀለ ወይም ከተጠበሰ ድንች ጋር፣ ከዳቦ ጋር ይሄዳል፤ ድንች በዳጣ የለመደ ምላስ ድንች በቱምን ለመልመድ አይቸገርም።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ውስጥ አየር ሳያገኝ በሙቀት ከቆየ ቦቱሊዝም የሚባለውን ሕመም የሚያስከትል ገዳይ መርዝ የሚፈጥር ተሕዋስ ሊያድግበት ይችላል። መርዙ ሽታም ጣዕምም ላይለውጥ ይችላል። በጎርጎሮሳውያኑ 1985 በካናዳ ቫንኩቨር ከተማ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሳይቀመጥ የቆየ በዘይት የተደረገ ነጭ ሽንኩርት 36 ሰዎችን አሳምሟል። ስለዚህ ሎሚውን አትቀንሱ፤ ማቀዝቀዣ ካለ ወዲያው ከድናችሁ አስገቡ፤ ከሌለ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ ሠርታችሁ የተረፈውን ጣሉ። የማኅበራችን ስም ያለበት ማሰሮ ማንንም ማሳመም የለበትም።

ለማኅበራችን የማቀርበው

ሦስት ነገሮችን ለጠቅላላ ስብሰባችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከቁጠባ ደብተራችን ጎን አንድ የሙያ ደብተር ይከፈት። እያንዳንዷ አባል የት እንደሠራች፣ ምን እንደምትችል በራሷ አነጋገር ይጻፍላት። ቱም ብቻ አይደለም፤ የሕፃን አያያዝ፣ የአዛውንት ማስታመም፣ የኬክ ሥራ፣ ልብስ መተኮስ፣ አረብኛ መናገርም ይጻፍ። ወደ ውጭ ሄዳ የማታውቀውም ትጻፍ፤ የአረቄና የጠላ ሙያም፣ የስፌትም ሙያ ሙያ ነው።

ሁለተኛ፣ በሥራ የተማረች ሴት ክፍል ሳትገባ በቀጥታ ለሙያ ብቃት ምዘና እንድትቀርብ የወረዳውን የሚመለከተውን ጽሕፈት ቤት በማኅበራችን ስም እንጠይቅ። ስትሄድ የተጠየቀችውን ወረቀት ስትመለስ ማግኘት አለባት። ወረቀቱ ለብድርም፣ ለሆቴል ቅጥርም በር ይከፍታል።

ሦስተኛ፣ ለመሄድ የሚያስቡ ልጆቻችን እዚህ መጥተው ከተመለሱት ጋር ይቀመጡ። አትሂጂ ብሎ መከልከል በሩን ዘግቶ መስኮቱን እንደመተው መሆኑን ዓመታቱ አሳይተውናል። ነገር ግን ከፋላ ምን እንደሆነ፣ ፓስፖርት በማን እጅ እንደሚሆን፣ አዋጁ ምን እንደሚል የምታውቅ ልጅ ከደላላ አፍ ብቻ ከምትሰማው ትሻላለች። እንዳትሄድ የሚያደርጋት ነገር ካለም፣ እዚሁ አይከል ሙያ ዋጋ ሲያወጣ ማየቷ ነው።

ቱም የሀብት ምንጭ ይሆናል ብዬ ቃል አልገባም። አንድ ኩባያ ነጭ ሽንኩርት ቤት አይሠራም። ግን የማብሰያውን ወጪ አስበን፣ የዘይቱን ዋጋ ከመሸጫው ቀንሰን፣ በአንድ የገበያ ቀን በትንሹ ሞክረን ማየት እንችላለን። የሚቀጥለው ስብሰባ ዕለት መፍጫዬን ይዤ እመጣለሁ፤ ነጭ ሽንኩርት መላጥ የምትችል ሁሉ ቢላዋዋን ይዛ ትምጣ።